ጠቁሮ የቀረው የእድር አዳራሽ

ሩቲን «አትንኪ» ማለት «ነይና ንኪ» ብሎ እንደ መጋበዝ ነው። ወንድሟ ዮአብ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ቢሆንም ለሥራ ክፍለ ሀገር ሲወጣ ላፕቶፑን አደራ የሚሰጠው ሌላ ሰው አልነበረውም።

«ስሚ፣ እሁድ ስብሰባው ላይ ከቴሌቪዥኑ ጋር ታገናኚውና ይቺን ትጫኛለሽ። በቃ። ሌላ ምንም!»

«ኧረ ገባኝ አቦ! ቦምብ አስመሰልከው እኮ።»

ነገሩስ ከቦምብ አያንስም ነበር። ካዛንቺስ ያለው ሰፈራቸው ከፈረሰ ወዲህ የእድሩ አባላት ተበትነዋል፤ ገሚሱ ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ ገሚሱ ላንቻ፣ የቀረው ደግሞ ታክሲ አስቀያይሮ የሚያስኬድ ቦታ። የእሁዱ ስብሰባ አንድ ነገር ይወስናል፦ እድሩ ቄራ በኩል ባገኘው ባዶ ቦታ ላይ አዳራሽ ሠርቶ አብሮ ይቀጥል ወይስ ዕቃውን ሸጦ ይፍረስ? የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደአረጋይ አዳራሹን በወሬ ብቻ ቢያስረዱት ሰው አልገባ ስላለው ዮአብን ለመኑት። ዮአብ ሥራው በኮምፒውተር ሕንፃ መሳል ነውና አዳራሹን ከነመስኮቱ ሠርቶ፣ ሰው እየተራመደ የሚያየው የሚመስል ቪዲዮ አደረገው። ሩቲም አጠገቡ ተጎልታ «ይቺን በር ምነው የእስር ቤት አስመሰልካት» እያለች ስታሠቃየው ነው የሰነበተችው።

ቅዳሜ ከሰዓት ለመለማመድ ብላ ከፈተችው። ቪዲዮው በሩ ጋ ሲደርስ ይንገጫገጫል።

«ኧረ ሼም ነው! ሽማግሌዎቹ ፊት እንዲህ ሊንቀጠቀጥ?»

ስልኳን ስትጎረጉር አንዱ «የግራፊክስ ድራይቨሩን አድሱት» ሲል አገኘች። ድራይቨር ማለት ኮምፒውተሩን ምስል ከሚያወጣው ካርድ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም ነው። የዮአብ ላፕቶፕ በዊንዶውስ ሳይሆን በሊኑክስ ስለሚሠራ ደግሞ ይህ ካርድ በትንሽ በትልቁ ያኮርፋል። ሩቲ ግን መች ፈርታ ታውቃለች? የስልኳን ኢንተርኔት አጋራችና «ሁሉንም አድስ» አለችው። ፊደሉ ስክሪኑ ላይ ሲግተለተል ሀከር የሆነች ስለመሰላት ፎቶ አንስታ ለጓደኛዋ ለሜቲ ላከች።

መጀመሪያ የገባው ከርነል የሚባለው የሊኑክሱ ዋና ክፍል ነበር። ከእሱ ጋር የሚስማማው ድራይቨር ከኋላ እየወረደ ሳለ ስልኳ ጥቅሏ ሊያልቅ መሆኑን ነገራት። ሩቲ ክው አለች። እሁድን ያለ ቲክቶክ? አይታሰብም! ጥቅል ሲሟጠጥ አዲስ አበባ ላይ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች፤ ዳታውን ጥርቅም። ላፕቶፑንም አጥፍታ ከደነችው። የቀረውን ዮአብ ሲመጣ ይጨርሰዋል፣ ምን አጣደፋት?

እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ቂርቆስ አካባቢ በተዋሱት አዳራሽ ሰው ጢም ብሏል። ሩቲ ጂንሷን ግጥም አድርጋ ከፊት ቆመች፤ ገመዱን ሰካች፤ ላፕቶፑን አበራችው። ቴሌቪዥኑ ጥቁር። ላፕቶፑም ጥቁር። ጥግ ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች።

«ይሄ ነው አዳራሹ?» አሉ እትዬ ጀማነሽ ከመሀል። «መብራት የለውም እንዴ?»

ሰዉ ሳቀ። ሩቲ ፊቷ ጋለ። «አንድ ደቂቃ እትዬ፣ እየተነሳ ነው» አለች። አጥፍታ አበራች። ሰረዟ ናት። ዮአብ ጋ ደወለች፤ አይነሳም።

ጋሽ ወልደአረጋይ ጎንበስ ብለው በጆሮዋ «የኔ ልጅ፣ ችግር ካለው ተይው። አይተሽው የለም? በቃልሽ ንገሪያቸው» አሏት።

«ኧረ ጋሼ፣ አሁን ይሠራል! ትንሽ ብቻ ይታገሱኝ።»

ጋሽ ወልደአረጋይ ታገሷት፤ ሰዉን ለማቆየትም ስለ ድሮው የእድር ድንኳን አወሩ፤ በጎርፍ ጊዜ ማን ማንን እንዳዘለ አወሩ። ወሬያቸው ሲያልቅ ሰዉ የራሱን ጀመረ።

«እኔ እዚያ ቄራ ድረስ ሄጄ ደረጃ የምወጣበት ጉልበት የለኝም» አሉ እትዬ ጀማነሽ።

ደረጃ የለውም። ዮአብ መግቢያውን በለስላሳ ተዳፋት ነበር የሠራው፤ እንዲያውም ሲሠራው «ይቺ ለእትዬ ጀማነሽ ጉልበት» ብሏል። ሩቲ ሰምታለች። ጭንቅላቷን ግን ከላፕቶፑ ላይ አላነሳችም።

«ለቅሶ ሲሆን ድስቱን ከየት ወዴት ልንሸከም ነው?» አለ ሌላው።

መኪና በቀጥታ የሚገባበት መጋዘን አለው! ሩቲ ይህንንም ታውቃለች። ብትናገር ግን ላፕቶፑ እንዳሸነፋት ማመኗ ነው። ያ ሁሉ ሰው ፊት! ስለዚህ ሰረዟን እያየች ቁልፎቹን መደብደቧን ቀጠለች። ቀና ያለች ጊዜ እጅ ወጥቶ እየተቆጠረ ነበር። እድሩ እንዲፈርስ ተወሰነ።

ዮአብ መልሶ የደወለው፣ ሰዉ እየወጣ ሳለ ነው። ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

«ጥቁር? አፕዴት አደረግሽው አይደል?»

«ትንሽ ብቻ... ማለቴ፣ ጥቅሌ ሊያልቅ ሲል አቋረጥኩት።»

«ኡፍ፣ ሩቲ! ከርነሉ አዲስ ሆነ፣ ድራይቨሩ አሮጌ ሆነ፤ እንዴት ይግባቡ? አጥፊውና ሲነሳ ኢስኬፕ የሚለውን ቁልፍ ተጫኚ። ሜኑ ይመጣል፤ አሮጌውን ከርነል ምረጪ። እንዳይረፍድ፣ ቶሎ በይ!» ስልኩ ተቋረጠ።

እንዳላት አደረገች። ቴሌቪዥኑ ቦግ አለ። ውድድር እንዳለበት ሰው ላፕቶፑን አንጠልጥላ ወደ በሩ ሮጠች፤ እትዬ ጀማነሽ ሚኒባስ ውስጥ እየገቡ ነበር።

«እትዬ! እትዬ፣ ይዩት! ደረጃ የለውም!»

እትዬ ጀማነሽ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩ።

«ውይ! እንዴት ያምራል» አሉ። «ምነው ታዲያ ያኔ ስናገር 'የለውም' ብትይኝ? አፍ አልነበረሽም?»

ሚኒባሱ ወደ ጎተራ ሄደ።

ስትመለስ ጋሽ ወልደአረጋይ ባዶዎቹ ወንበሮች መሀል ተቀምጠው አገኘቻቸው። ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከጎናቸው ተቀመጠች። በሩ ጋ ትንሽ ተንገጫገጨ እንጂ እስከ መጨረሻው አዩት። የዮአብ መልእክት ስልኳ ላይ መጣ፦ «ደረሰ? ወደዱት?»

«ወደውታል በይው» አሉ ጋሽ ወልደአረጋይ። «ልጁ ለፍቷል።»

«አላዩትም እኮ ጋሼ።»

«እኔ አይቼው የለ።» ከዘራቸውን ይዘው በዝግታ ተነሱ። «እያወቅሽ ዝም ማለትሽን ግን እኔ አልነግረውም፤ መንገሩን አንቺው ታውቂያለሽ።»

ሩቲ ስልኩን እንደያዘች ቀረች። ከበሩ ውጭ ሰዎች የእድሩን ድንኳን ለገዢ ለማሳየት እየዘረጉት ነበር።