ቡፌው ሥራ የጀመረ ዕለት

አዋላጇ ጡረታ ስትወጣ የሥራ ባልደረቦቿ ምን እንስጥሽ ብለው ጠየቋት። "የኤሌክትሪክ መጋዝ" አለቻቸው። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እጇ የገባው ሁሉ የሚያለቅስና የሚያረጥብ ነበርና ከእንግዲህ ደረቅና ዝምተኛ ነገር መያዝ እንደምትፈልግ አስረዳቻቸው። በሳምንቱ ጥርሱ እንደ ጎማ የሚሽከረከር የእጅ መጋዝ በቀይ ሪባን ታስሮ ቤቷ ድረስ መጣላት።

ቤተሰቡ መኪናውን ከሸጠ ወዲህ የመኪናው ቤት ባዶውን ነበር። አዋላጇ እዚያ ገብታ ጣውላ በሁለት ወንበር ላይ እያጋደመች መቁረጥ ጀመረች። የመጀመሪያ ሥራዋ በርጩማ ሆነ፤ ሦስቱ እግሮች ተስማምተው አራተኛው አኩርፏል። ሁለተኛው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሥራም አይባል። ጣውላውን ቆረጥኩ ብላ ከሥሩ ያለውን ወንበር አብራ ለሁለት ከፈለችው።

"ጎሽ!" አሉ አማቷ ከበሩ ላይ። "አንዱን ቆርጠሽ ሁለት አገኘሽ።"

አማቷ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ቤቱ የእሳቸው ነው፤ አዋላጇ ልጃቸውን ካገባች ጀምሮ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጣሪያ ሥር አብረው ኖረዋል። አባታቸው አናጺ ስለነበሩ እንጨትን በሽታው ይለያሉ፤ በልጅነታቸው ሰጋቱራ ላይ ተንከባልለው ነው ያደጉት። መጋዝ ግን ነክተው አያውቁም። "የሴት ልጅ ጣት ለቀለበት ነው" ይሏቸው ነበር አባታቸው፣ መጋዙ ላይ ዓይናቸውን ሲጥሉ ባዩ ቁጥር።

"ልጄ" አሉ አሁን፣ ባለ ጎማ መደገፊያቸውን እየገፉ ገብተው፣ "እንጨቱን አቁመሽ በመጋዙ ስታባርሪው እኮ ነው የሚጣመምብሽ። መጋዙ ይቁም፣ እንጨቱ ይሂድ! ጠረጴዛ ሥሪለት። አባቴ 'ጠረጴዛ የሌለው አናጺ ወንበሩን ሲበላ ይኖራል' ይሉ ነበር።"

አዋላጇ የተከፈለውን ወንበር አየት አደረገችና ደብተር ፍለጋ ሮጠች።

ሁለቱ ሴቶች ሦስት ቀን ሙሉ ከደብተሩ ላይ አልተነሡም። ጠረጴዛው አንድ ሆኖ የሦስት ሥራ ይሠራል። በመሃሉ መጋዙ ተገልብጦ ከሥር ይታሰርና ጥርሱ ብቻ በስንጥቅ ብቅ ይላል። በግራ ጫፉ እንጨት ነክሶ የሚይዝ ሞርሳ ይገጠምለታል። በቀኝ በኩል መዶሻና ኮላ የሚታገስ ሰፊ ቦታ ይቀራል። ከመጋዙ ጎን እንጨቱ ተደግፎት የሚሄድ ቀጥ ያለ መምሪያ ይኖራል፤ ስሙን አማትየው "ሐዲድ" አሉት። ባልየው ደብተሩን በሻይ ሰዓት አገላብጦ አየ። ፖስታ ቤት ደብዳቤ የሚለይ፣ ቁመቱ በር የሚሞላ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው።

"ስንት ጣት አላችሁ?" አለ።

"ሃያ፣ ለሁለታችን።"

"እንግዲያው ማታ ስመጣ ሃያ ላግኝ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ሲመለስ ሰላምታው "ሃያ?" ሆነ፤ እነሱም እጃቸውን አንሥተው "ሃያ!" ይሉታል።

እግሮቹ ቆሙ፣ ወጋግራው ታሰረ። ለላዩ ወፍራም የተባለ ኮምፔንሳቶ ተገዛ። መጋዙ ከሥር ሲታሰርበት ግን ኮምፔንሳቶው ቀስ ብሎ ሆዱን ጣለ። አዋላጇ ጎንበስ ብላ በጎን አየችው፤ በመዳፏም ዳሰሰችው።

"ሰባተኛ ወር" አለች።

አማትየው መደገፊያቸውን ይዘው እስኪንገዳገዱ ሳቁ።

እንጨት ሻጩ ዘንድ ሄደች። ሰውዬው ጺሙን እያከከ አዳመጣትና፣ ወፍራም ጣውላ ሞልቷል፣ ነገር ግን ሁሉም እርጥብ ነው፤ አሁን ብትሠሪበት ይጣመማል፣ አንድ ዓመት ማድረቅ አለብሽ አላት።

"አንድ ዓመት!" አለች አዋላጇ። "እኔ የለመድኩት ዘጠኝ ወር ነው!"

ባዶ እጇን ተመለሰች። አማቷ ሳሎን ተቀምጠው ነበር፤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ወፍራም፣ ደረቅ፣ ዕድሜ የጠገበ እንጨት ከየት ይመጣል? ሁለቱም ቀስ በቀስ ዓይናቸው ወደ አንድ ቦታ ሄደ። ሁለቱም ቶሎ ብለው ዓይናቸውን መለሱ።

ቡፌው!

ቡፌው ከግድግዳ ግድግዳ ሞልቶ የቆመ፣ ጥቁር ቫርኒሽ የጠጣ፣ እግሮቹ የአውሬ ጥፍር ያላቸው፣ መስኮቱን ግማሽ ድረስ የጋረደ ጉድ ነበር። የአማትየው አማት ያወረሷቸው ነው። ሳሎኑን ያየ ሰው ቡፌው የቤቱ ባለቤት፣ ሰዎቹ ደግሞ ተከራዮች ይመስሉታል። አዋላጇ በየቅዳሜው ስትወለውለው፣ በየሳምንቱም ጉልበቷን ከማዕዘኑ ጋር ስታላትም ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው።

"የዚህ ቡፌ ክዳን" አሉ አማትየው ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ፣ "ውፍረቱ ስንት ጣት ይሆን?"

"ሦስት ጣት ከግማሽ" አለች አዋላጇ ሳታስበው።

"መቼ ለካሽው?"

"ማለቴ… ስወለውል… በዓይኔ…"

"አይ፣ እኔ እንዲያው ለወሬ ነው" አሉ አማትየው ቶሎ ብለው። "አንቺ ምን ያህል እንደምትወጂው አጣሁት? በየሳምንቱ እንደ ሕፃን ስትንከባከቢው እያየሁ እንዴት ይነካል እላለሁ?"

አዋላጇ አፏ ተከፍቶ ቀረ። "እማማ፣ እኔ ነኝ የምወደው? እኔ እኮ የምወለውለው እርስዎ እንዳይከፋዎት ነው! የባለቤትዎ እናት ቅርስ ነው ብዬ!"

"ወግጂ! እኔማ ገና በሙሽርነቴ ሳየው ነው የደነገጥኩት! አማቴ እንዳይቀየሙኝ ዝም አልኩ። እሳቸው ሲያልፉ ሊወጣልኝ ነው ስል አንቺ መጣሽና መወልወል ጀመርሽ!"

ተያዩ። የሠላሳ ሁለት ዓመት ይሉኝታ በመካከላቸው ጥቁር ቫርኒሹን ተቀብቶ ቆሟል። መጀመሪያ አማትየው "ክ…ክ…" አሉ፤ ቀጥሎ አዋላጇ ትራስ አፏ ላይ ያዘች፤ ከዚያ በኋላ ማን ማንን ያቁም? እንባቸው እስኪፈስ፣ ጎናቸውን እስኪወጋቸው ሳቁ። ጋብ ሲልላቸው አማትየው በጣታቸው ወደ ቡፌው ያሳዩና "በየቅዳሜው!" ይላሉ፤ እንደገና ይጀምራቸዋል።

በማግስቱ ባልየው ወደ ሥራ ከመውጣቱ አዋላጇ ካቻቢቴዋን ይዛ ሳሎን ገባች። ብሎኖቹ ዝገው ስለነበር አንዳንዱ ሲፈታ እንደ ድመት ጮኸ። ክዳኑን ከቦታው ለማንቀሳቀስ የሁለት ሰው ጉልበት አልበቃም፤ ግን ባለ ጎማው መደገፊያ ነበር። በዱላ ፈልቅቃ፣ አንሸራታ ጫነችበት። አማትየው ግድግዳውን እየተደገፉ ከፊት ቀደሙ።

"ግራ! ግራ በይ! እሱ የእኔ ቀኝ ነው!" እያሉ ኮሪደሩን ሲያቋርጡ ክዳኑ የበሩን ቀለም ልጦ፣ የኮት መስቀያውን ጥሎ፣ ከመኪናው ቤት ሲደርስ ሁለቱም ውድድር ያሸነፉ ያህል እልል አሉ።

ተመልሰው የቀረውን የቡፌውን አካል እየፈታቱ ወደ መኪናው ቤት ሲያግዙ ከመሃለኛው መሳቢያ ጀርባ የተጣበቀ ቢጫ ወረቀት ወደቀ። አዋላጇ አንሥታ አነበበች። የስድስተኛ ክፍል የፈተና ካርድ ነው፤ ከላይ የባሏ ስም አለበት። ከአርባ አራት ተማሪዎች አርባ ሦስተኛ ይላል። መምህሩ ከግርጌ በቀይ ቀለም "ጨዋ ልጅ ነው፤ ምናልባትም ተኝቶ ስለሚውል ይሆናል" ብለው ጽፈዋል።

አማትየው ካርዱን ተቀብለው ከዓይናቸው አራቁት፣ አቀረቡት።

"በዚያ ዓመት ትምህርት ቤቱ ካርድ አላተመም ብሎኝ ነበር" አሉ። "ወረቀት ጠፍቷል ብሎኝ! ለአገሩ ሁሉ አውርቼለታለሁ!" አጣጥፈው ጉያቸው ከተቱት።

ቀኑን ሙሉ ሠሩ። ጥቁሩ ቫርኒሽ በመላጊያ ሲነሣ ከሥሩ ማር የመሰለ ቀይ እንጨት ብቅ አለ። "እንዲህ ያለ መልክ ይዞ ነው የተኮሳተረብን?" አሉ አማትየው። የመጋዙ ስንጥቅ ወጣ፣ መጋዙ በአራት ብሎን ታሰረ፣ ሐዲዱ በማዕዘን መለኪያው በስኳድራ ተለክቶ ቆመ። ቀድሞ የቆሙት እግሮች ለዚህ ሁሉ ክብደት እንዳይከዱ የቡፌውን አንዱን የታች ሣጥን ከነመዝጊያው ከቀኝ በኩል አስገቡለት፤ ሸክሙንም ይይዛል፣ መሣሪያም ያስቀምጣል።

ሞርሳውን ገጥመው ሲያበቁ የግቢው በር ሲከፈት ተሰማ።

"ሃያ?" አለ ባልየው ከኮሪደሩ።

ሳሎን ሲገባ ሰሙት፤ ቆመ። ቡፌው የነበረበት ግድግዳ ላይ አዲስ ቀለም የመሰለ ንጹሕ ቦታ ብቻ ቀርቷል። መስኮቱ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ የአሥራ አንድ ሰዓት ፀሐይ ምንጣፉ ላይ ተዘርግታለች። ወደ መኪናው ቤት መጣ።

"ቡፌው የት ሄደ?"

"ሥራ ጀመረ" አሉ እናቱ።

ጠረጴዛውን አየ፣ መጋዙን አየ፣ ከሥሩ ያለውን ሣጥን አየ። ያ ሁሉ ቁመት ድንገት አነሰ።

"እኔ እወደው ነበር እኮ" አለ።

አዋላጇ ደነገጠች። ሁለቱ ሴቶች ቡፌውን የእነሱ ብቻ ጉዳይ አድርገውት፣ እሱን የጠየቀው አልነበረም። "ልጅ ሳለሁ እዚያ ሣጥን ውስጥ ነበር የምደበቀው" አለ ባልየው። "በሩን ዘግቼ ፖስታ ቤት እጫወትበት ነበር። ደብዳቤ በስንጥቁ አስገባና…"

"ይቅር በለኝ" አለች አዋላጇ ክንዱን ይዛ። "ልጠይቅህ ይገባ ነበር። ከፈለግህ ነገ መልሼ—"

"ቆይ!" አሉ እናቱ። እጃቸውን ጉያቸው ከተቱ። "በስንጥቁ ያስገባኸው ደብዳቤ ይሄ ይሆን?"

ባልየው ካርዱን አየው። ጆሮዎቹ ከጫፍ ጀምረው ቀሉ። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ፊቱ ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆነ።

"እማዬ፣ እሱ እኮ…"

"ትምህርት ቤቱ ወረቀት ጠፍቶት ነበር?"

"ያኔ…"

"እሺ፣ አርባ ሦስተኛውስ ይሁን። አርባ አራተኛው ማን ነበር?"

ባልየው መሬት መሬቱን አየ። "እሱ በዓመቱ አጋማሽ ሌላ ከተማ ሄዷል" አለ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በሥርዓት መናገር ያስቸግራል። አማትየው በርጩማው ላይ ተቀመጡ፤ በርጩማው አዘነበለ፤ አዋላጇ ስትይዛቸው እሷም አብራቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ባልየው መጀመሪያ ሊያኮርፍ ሞከረ፤ ከዚያ ሆዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በመጨረሻ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ነጎድጓድ ሳቀ። ጎረቤት ውሻ ጮኸ።

ሲረጋጉ ባልየው ተንበርክኮ የሣጥኑን መዝጊያ ከፈተ። ጭንቅላቱን አስገባ፤ ሽታውን ስቦ "ያው ነው" አለ። ከዚያም፣ ምን እንደያዘው እንጃ፣ አንዱን ትከሻውን፣ ቀጥሎም ሁለተኛውን አስገባ።

"ጠቦኛል" አለ ከሣጥኑ ውስጥ።

"አንተ ሰፍተህ ነው" አሉ እናቱ።

"አይወጣም! ትከሻዬ…"

አዋላጇ እጅጌዋን ጠቀለለች። የሠላሳ አንድ ዓመት ልምዷ በአንድ ጊዜ መጣላት። "አትግፋ!" አለች በሥራ ድምፅዋ። "ትንፋሽህን አውጣ። እንዲህ በእግሩ የሚመጣውን ብዙ አይቻለሁ። አሁን ግራ ክንድህን ወደ ሆድህ… ጎበዝ… አሁን ዙር… አሁን!" ጎተተችው። ባሏ ፀጉሩ ሰጋቱራ ለብሶ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ ወለሉ ላይ ተዘረረ።

"ወንድ ነው" አሉ እናቱ።

ገና ፀሐይ ሳትገባ መጋዙን ሊሞክሩት ተስማሙ። መጀመሪያ ማን ይቁረጥ የሚለው ላይ ባልና ሚስት ምንም ሳይነጋገሩ አማትየውን አዩ።

"እኔ?" አሉ።

አዋላጇ መነጽር አደረገችላቸው፤ ጣውላውን ከሐዲዱ አስጠግታ፣ መግፊያውን ዱላ በእጃቸው አስያዘቻቸው። እሷ ከጎናቸው ቆመች። ባልየው ማብሪያውን ተጫነ። መጋዙ ጮኸ፤ ጠረጴዛው ግን ንቅንቅ አላለም። አማትየው ከንፈራቸውን ነክሰው ገፉ። ጥርሱ እንጨቱን ሲያገኘው ድምፁ ተለወጠ፣ ሰጋቱራው እንደ ውኃ ፈሰሰ፣ ጣውላውም ሁለት ቦታ ሆኖ ወዲያ ማዶ ወጣ።

መጋዙ ጠፋ። አዋላጇ ስኳድራውን ጠርዙ ላይ አድርጋ ወደ መብራት አነሣችው፤ የክር ያህል እንኳ ብርሃን አላሾለከም። አማትየው የተቆረጠውን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። አፍንጫቸው ላይ ሰጋቱራ ተቀምጧል።

"ሌላ አምጡ" አሉ።

ሌላ መጣ። ከዚያም ሌላ። ያ ሆድ የጣለው ኮምፔንሳቶ ሳይቀር ለስምንት ተሸነሸነ። ባልየው በመሃል ሞርሳውን አግኝቶ ማጥበቅና ማላላት ጀመረ፤ መጀመሪያ ቁርጥራጭ እንጨት፣ ቀጥሎ እርሳስ፣ ቀጥሎ የገዛ ባርኔጣውን አስነከሰው። "ይሄ ደግሞ እንዴት ደስ ይላል!" አለና ወደ መጋዙ ተጠጋ።

"ወረፋ ያዝ" አሉ እናቱ፣ ዓይናቸውን ከሐዲዱ ሳያነሡ።