የለምሃባ ክብደት

«ስንት ኪሎ ናት?» አለ ዶክተር ያህዲህ።

ተክበር ከመመለሷ በፊት ወደ ጎኗ ሰረቅ አድርጋ አየች። የሙሽራው እናት ዘይነቡ፣ የልጄ እጮኛ ክንዷ ተሰበረ ብላ ስትከንፍ መጥታ እዚያው ቆማለች። የተክበር የልጅ ልጅ ለምሃባ ቃሬዛ ላይ ተኝታለች፤ ቁርጭምጭሚቷም ስላበጠ ሚዛን ላይ መቆም አልቻለችም። ቅጥነቷን የሸፈነላት ከራስ እስከ እግሯ የተጠቀለለችበት ሰፊ ልብስ፣ መልህፋዋ ነው። ተክበር ከሠርጉ በፊት ትወፍርልኝ ብላ ስንት ወተት አስጠጥታታለች! ጠብ አላለላትም። ቀጭን ሙሽራ ሰጠች ከምትባል ደግሞ መሬት ብትውጣት ይሻላታል።

«ሰማንያ ይሆናታል» አለች። «ሳያልፍም አይቀር።»

«ማሻላህ!» አለች ዘይነቡ ወደ ተሸካሚዎቹ ዞራ። «እናንተ ልጆች፣ ወገባችሁን ጠበቅ አድርጋችሁ አንሱ!»

ለምሃባ በአማቷ ፊት መናገር ነውር ነውና ፊቷን ሸፍና ዝም አለች። ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ይዘዋት ገቡ።

ተክበር ግን ልቧ አላረፈም። ከክፍሉ የወጣች አንዲት ነርስ ያዘች። «ክብደቷ ምን ያደርግለታል? ሊሸጣት ነው?»

ነርሷ ሳቀች። «ማደንዘዣውን ሊለካበት ነው፣ እማማ። ብብቷ ስር ይወጋታል፤ ግን እዚያው አይቀርም፣ ወደ ደሟ ይገባል። ከበዛባት መጀመሪያ ምላሷ ይደነዝዛል፣ ጆሮዋ ይጮኻል፣ ከዚያ ያንቀጠቅጣታል። ሲብስ ልብም ያቆማል።»

ተክበር ወደ ተዘጋው በር ዞረች። ዘይነቡ አጠገቧ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች። ብትናገር ሠርጉ ይቀር ይሆናል። ባትናገርስ?

በሩን በመዳፏ ደበደበችው። «ዶክተር! ዋሽቻለሁ! አርባ አምስት ኪሎ ናት! አርባ አምስት!»

ውስጥ ዶክተሩ እጁን ገታ። አብዛኛው መድኃኒት ገብቷል። ጎንበስ አለና «ልጄ፣ ጆሮሽ ይጮኻል?» አለ።

«አዎ... ምላሴም...» ቃሉ አፏ ውስጥ ተንከባለለ።

«ኦክስጅን! የስቡን ከረጢት ስቀሉ!»

ወተት የመሰለ ፈሳሽ የያዘ ከረጢት ሰቀሉ። ማደንዘዣውን ከልቧ የሚስብላት እሱ ነው አሉ። ተክበር በተከፈተው በር ላይ ቆማ እያንዳንዷን ነጭ ጠብታ በዓይኗ ተከተለች። የልብ ምት መከታተያው ድምፅ አንዴ ተንገዳገደ። ከዚያ ተስተካከለ።

«አርባ አምስት?» አለች ዘይነቡ ከኋላዋ።

«አርባ አምስት።»

ዘይነቡ መልህፋዋን ሰብስባ ወጣች። ተክበር ዞራ አላየቻትም። ገባችና የለምሃባን እጅ ያዘች።

«አያቴ፣ ይዘሽኛል?»

«ይዤሻለሁ።»

«አይሰማኝም።»

«ግድ የለም። ይዤሻለሁ።»