ሁለት ኪሎ ሥጋ

«ከጤና ቢሮ የሚላከው ተቆጣጣሪ በሽተኛ መስሎ ነው የሚመጣው» ይላል ሹፌሩ። ኩላሊት እጥበት ክፍል ውስጥ ሦስት ቁጥር ወንበር ላይ ተጋድሞ ደሙ በቱቦ ወደ ማሽኑ ይሄዳል፣ ታጥቦ ይመለሳል፤ ወሬው ግን ሳይታጠብ ይወጣል። ሰኞ ዕለት ተቆጣጣሪው እንዲሁ ሰው ነበር። ረቡዕ መነጽር አደረገ። ዓርብ ላይ ደብተር ያዘ። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ነውና ወሬውንም በየፌርማታው ሳይጭንበት አያልፍም። ከማን ሰማህ ሲሉት «ከታመነ ሰው» ይላል፤ የታመነው ሰው ግን እስከ ዛሬ ከአውቶቡሱ አልወረደም።

ከጎኑ አራት ቁጥር ላይ የምትታጠበው ልብስ ሰፊ ለወሬው ጆሮ አልነበራትም። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ልጇ ታገባለች፤ እሷም ቆማ ልትድራት ትፈልጋለች። ቆማ ስትል በእግሯ ቆማ ማለቷ ነው። ከወር ወዲህ ከእጥበት የምትወጣው እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ሆና ነበር። የደም ግፊቷ ይወርዳል፣ ዓይኗ ይጨልማል፣ ታክሲ ውስጥ የምትገባው ሁለት ሰው ደግፏት ነው። የሠርጉ ዋዜማ ዓርብ ደግሞ የእጥበት ቀኗ ነው።

ምክንያቱን ታውቀዋለች። የደከመ ኩላሊት ውሃ አያወጣምና እዚያ ቤት የሚጠጣው በልክ ነው፤ ማንም ከመታጠቡ በፊትም ሚዛን ላይ ይወጣል። ካርዱ ላይ «ደረቅ ኪሎ» ተብሎ ከተጻፈው በላይ ያለው ሁሉ ውሃ ነው ተብሎ በማሽን ይወጣል። የእሷ ደረቅ ኪሎ ሃምሳ ሁለት ተብሎ የተጻፈው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ነፋስ ይጥላታል በተባለችበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ምግብ ተስማማት፤ ልጇ ስትታጭ ደግሞ ደስታው ራሱ ሥጋ ሆነ። ለሠርጉ የሰፋችውን ቀሚስ ሁለቴ ፈትታ አስፍታዋለች። ማሽኑ ግን ቀሚስ አያውቅም፤ ሥጋዋን ውሃ ነው ብሎ ይስባል።

ለነርሷ ነግራታለች። ነርሷም «ካርዱ ሃምሳ ሁለት ነው የሚለው» ብላ ሮጠች። ክፉ ሆና አይደለም፤ ስምንት ወንበር ለሁለት ነርስ ነው፣ አንዱ ሳይነሳ ሌላው በር ላይ ቆሞ ያስላል። ልብስ ሰፊዋ «የቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰምበሌጥ» ብላ ተረተችባትና ከዚያ ቀን ጀምሮ የነርሷ ስም ሲስተር ቶሎቶሎ ሆኖ ቀረ።

ሰኞ ጠዋት በሩ ተከፈተና አንድ አዲስ ታማሚ ገባ። መነጽር አድርጓል። ደብተር ይዟል። አምስት ቁጥር ላይ ተቀመጠ። ሹፌሩ ሰውየውን ራሱ አምጦ የወለደው ይመስል ደረቱን ነፍቶ ክፍሉን ቃኘ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማየት ነበር! ቶሎቶሎ እጇን ቆዳው እስኪጨማደድ ታጠበች። ለእያንዳንዱ ወንበር አዲስ ጓንት አጠለቀች። ትውልድ ሲቀመጥበት የኖረው የወንበር ክንድ ተወለወለና ቀለሙ ሰማያዊ መሆኑ ታወቀ። ባለፈው ዓርብ «ነይ ቶሎ ተመዘኚ» የተባለችው ልብስ ሰፊ «ይመዘናሉ እናቴ?» ተባለች። አንቱታ እንዲህ በሦስት ቀን ይበቅላል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ሚዛኑ ሃምሳ ስድስት ተኩል አለ። ቶሎቶሎ ካርዱን አየችና አራት ኪሎ ተኩል ይወጣል ልትል አፏን ስትከፍት፣ ልብስ ሰፊዋ ከቦርሳዋ ሜትሯን መዘዘች።

«ቆይ ልጄ» አለች፣ ፊቷን ወደ አምስት ቁጥር አዙራ። «ውሃ ሲሞላብኝ ቁርጭምጭሚቴን ያሳብጠዋል። ይኸው፣ አጥንቱ ይቆጠራል። ክንዴ ግን የዛሬ ሁለት ዓመት ሃያ አራት ነበር። አሁን ለኪው።»

ቶሎቶሎ ለካች። ሃያ ሰባት።

«ይህን ነው ውሃ ብላችሁ ስታወጡብኝ የከረማችሁት። እኔ ልታጠብ እንጂ ልበለት አልመጣሁም።»

በዚህ ጊዜ አምስት ቁጥር ከኮዳው አንድ ጉንጭ ተጎነጨና ደብተሩን ገልጦ ጻፈ። ቶሎቶሎ ብዕሩን አየች። ዶክተሩን ልትጠራ ስትሮጥ ጫማዋ አንዱ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር።

ዶክተሩ እግሯን ተጫነ፣ የአንገቷን ሥር አየ፣ ደረቷን አዳመጠ፣ ግፊቷን ተቀምጣም ቆማም ለካ። ከዚያ ካርዱን ገለጠ። ባለፈው ወር ከታጠበችባቸው አሥራ ሁለት ቀናት በዘጠኙ ግፊቷ ወርዷል፤ ተጽፏል፣ ያነበበው ግን የለም። «ይህ በየወሩ መታየት ነበረበት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሃምሳ ሁለትን ሰርዞ ሃምሳ አራት ሲጽፍ።

«ሁለት ኪሎ ሥጋ ያለ ሰልፍ ያገኘሽ አንቺ ብቻ ነሽ» አላት ሹፌሩ።

አላርፍ ስላለ ተራው የእሱ ሆነ። ሚዛን ላይ ሊወጣ ኪሱ ሲፈተሽ፣ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ያልመለሰው የጋራዥ ቁልፍ እንደ ዘለላ ተንጠልጥሎ ወጣ። ይህን ሁሉ ዘመን ሲመዘን የኖረው ከነብረቱ ነው። ክፍሉ በሳቅ ስለተናወጠ የአንዱ ሰውዬ ማሽን «ታማሚው ተንቀሳቀሰ» ብሎ ጮኸ። ዶክተሩም እዚያው እንደቆመ እስከ ምሳ ሰዓት የስምንቱንም ካርድ አንድ በአንድ አየ።

ዓርብ ልብስ ሰፊዋ በራሷ እግር ወጥታ ሊደግፋት የመጣውን የታክሲ ነጂ በዓይኗ መለሰችው። ቅዳሜ ልጇን ቆማ ዳረች። ቆማ ብቻም አይደለም፤ የሙሽራው አጎቶች እየተፈራረቁ ሲደክሙ እሷ መድረኩን አልለቀቀችም። ሙሽራዋ ቀሚሷን ሰብስባ መጣችና «እማዬ፣ በሞቴ ትንሽ ቁጭ በይ» ብላ ለመነቻት።

«ቁጭ የምልበት ወንበር ሰኞ ይጠብቀኛል» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ትከሻዋን ሳታቆም።

ሰኞ ስትመጣ ግድግዳው ላይ የስምንቱም ወንበር ደረቅ ኪሎ ቀጥሎ የሚታይበት ቀን በትልቁ ተጽፎ ተለጥፏል። ወደ ሚዛኑ ስታልፍ የአምስት ቁጥር ደብተር ከጭኑ ተንሸራቶ እግሯ ሥር ተዘርግቶ ወደቀ። ሰውየው ክንዱ ላይ የማሽኑ መርፌ ተሰክቶበት ስለነበር ጎንበስ ብላ አነሳችለት። ዓይኗም ሳታስበው ገጹ ላይ አረፈ፦

«ሰኞ። ጠዋት፣ ግማሽ ስኒ ውሃ። ከመድኃኒት ጋር፣ ሁለት ጉንጭ። ክሊኒክ፣ ሴትዮዋ ክንዷን ስታስለካ፣ አንድ ጉንጭ። ዶክተሩ ከፈቀደልኝ የቀረኝ፣ አንድ ስኒ።»