የአማቷ ምላስ

ሴትዮዋ የአንድ ፋብሪካ ምግብ አዳራሽ ዋና አብሳይ ነበረች። እጇ የተባረከ ነው ይሏታል። ድስቱን ከፈት አድርጋ በእንፋሎቱ ብቻ ጨው ማነሱን የምታውቅ ሰው ነበረች። አንድ ሰሞን የገባው ጉንፋን አልጋ ላይ ጥሏት ከረመና ሲለቃት አፍንጫዋንም ይዞባት ሄደ።

መጀመሪያ ልብ አላለችውም። አንድ ቀን ወተት ጥዳ አጠገቡ ካሮት ስትከትፍ ወተቱ አርሮ ወጥ ቤቱን ጭስ ሞላው። ሳህን አጣቢዋ ከጓሮ ሮጣ መጥታ እሳቱን አጠፋችውና አይሸትሽም ወይ ብላ ጠየቀቻት። ሐሳብ ይዞኝ ነው አለቻት። ማታ ቤቷ ገብታ ነጭ ሽንኩርት ልጣ አኘከች። ምላሷን ለበለባት እንጂ ሌላ ምንም አልነገራትም። ሎሚውንም ሳሙናውንም አሸተተች፤ ሁሉም አንድ ሆኖባታል።

ለማንም አልተናገረችም። እጇ የለመደውን እየሠራ ጥቂት ጊዜ ሸፈነላት። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንደሚባለው፣ እሷን ያወጣት የቆመጠጠ ክሬም ነው። ሳታውቅ ሾርባ ውስጥ ገለበጠችው፣ ሠራተኛውም ሆዱን ይዞ ወደየቤቱ ተበተነ። የአዳራሹ ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበረም። ቢሮው አስገብቶ ወንበር ሳበላትና ሾፌር ዓይኑ ከጠፋ መኪና አይሰጡትም፣ አትቀየሚኝ አላት። አልተቀየመችውም። በእሱ ቦታ ብትሆን እሷም ይህንኑ ታደርግ ነበር፤ ይበልጥ ያንገበገባትም ይኸው ነው።

ሐኪም ቤት ስትሄድ ሐኪሙ የማሽተት አቅምሽ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አላት። ሽታ ያላቸውን ነገሮች ጠዋት ጠዋት እያሸተትሽ አፍንጫሽን አለማምጂው ብሎ መከራት። ጠዋት ጠዋት ሎሚ፣ ዝንጅብልና ቅርንፉድ አፍንጫዋ ሥር ይዛ ትቆም ጀመር። ዝም አሏት።

ቤት ውስጥ ያሉት ሁለት ናቸው፤ እሷና አማቷ። ባሏ ግንበኛ ነበር፤ ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ልጃቸው ከሌለ ምን ያደርጉልሻል ያሏት ብዙ ናቸው፤ እሷ ግን ታዲያ የት ልጣላቸው ብላ አብራቸው ኖረች። የአማቷ ጥርስ ረግፏል፤ ምላሳቸው ግን አልረገፈም። ሥጋ ሐኪም ከልክሏቸዋል፤ ባይከለክላቸውም የሚያኝኩበት የላቸውም። በዚህ የተነሳ ነው ቶፉ ወደ ቤቱ የገባው። ገበያው ጥግ የምትቀመጥ አንዲት ሴት ከአኩሪ አተር ወተት አርግታ፣ ጨምቃ፣ ነጭ ጡብ የመሰለውን ነገር ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋ ትሸጠዋለች።

መጀመሪያ ቀን ቆራርጣ በጨው ውኃ ቀቅላ ሰጠቻቸው። አማቷ በሹካ ነካ ነካ አደረጉትና ቀና ብለው አዩዋት።

"ልጄ፣ ይሄን ልብላው ወይስ ልታጠብበት?"

ሳቀች። ሥራዋን ካጣች ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እልህ ሆነባት። ቶፉ የራሱ ጣዕም የለውም፣ የሰጡትን ነው የሚቀበለው። እንግዲያው አንድ ቀን ምላሷ ላይ የሆነ ነገር ብልጭ ቢል ቅመሙ መሆኑን ታውቃለች፣ ድናለች ማለት ነው። እንዲህ ብላ ነበር የጀመረችው። ብልጭ አላለም። ግን የአማቷ ምላስ አለ። የምድጃው ጥግ ወንበር አኖረችላቸው፣ እሳቸውም ነጠላቸውን አጣፍተው እንደ ዳኛ ተሰየሙ።

መጀመሪያ ውኃውን ማስወጣት ነበር። ቶፉውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ውኃ የሞላ ድስት ትጭንበታለች። ያልተጨመቀ ቶፉ ስጎ አይጠጣም፣ ዘይት ውስጥም ሲገባ ይፈናጠራል። ከዚያ በእጇ ትፈረካክሰዋለች፤ በቢላ የተቆረጠ ልሙጥ ስለሚሆን ቅመም አይዝም። ሶያ ሶስ በሚባለው ጨዋማ የአኩሪ አተር ስጎ፣ በተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ በሎሚ ጭማቂና በጠብታ ማር ትዘፈዝፈዋለች። ሲጠጣ የበቆሎ ስታርች ዱቄት ነስንሳበት ዘይት ውስጥ ትለቀዋለች። አፍንጫዋ ቢከዳትም ጆሮዋ አልከዳትም፤ የዘይቱ ጩኸት ሲቀንስ፣ ቁራጩም በማንኪያ ሲነኩት እንደ ደረቅ ቅርፊት ኳ ሲል ታወጣዋለች። ለአማቷ ግን ሳትጠብስ በቲማቲምና በቁንዶ በርበሬ ታንተከትክላቸዋለች።

እሳቸው ሁሉንም ይቀምሳሉ። ዝንጅብሉ በዛ፣ ሎሚው ቀደመ፣ ማሩን ቀንሺው ይላሉ። ጨው ሲያንስ ፊታቸውን ያጨፈግጉና ያንኑ የድሮ ተረት ያመጣሉ፣ ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ይሉሃል። እሷም ጨው ትጨምራለች። በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ታዛዥ ሆና አታውቅም።

ከሚኖሩበት ፎቅ ምድር ቤት አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። አንድ ቀን ሱሪ ልታሳጥር ስትወርድ በሳህን ይዛለት ወረደች። ከሠራተኞቹ ጋር ተሻምተው በሉት፤ በማግስቱ ለምሳ ሥሪልን አሏት። ቀጥሎ ከማዶ ያሉት ፀጉር ሠሪዎች መጡ። ሴትዮዋ በየጠዋቱ የምሳ ዕቃ እየሞላች ደረጃውን ስትወርድ ወገቧ ቀና አለ። ባይሸታትም ከሰው በታች አይደለችም። ባዶው የምሳ ዕቃ ማታ ታጥቦ ይመለስላታል፤ አማቷም ስንት ተበላ ብለው ይጠይቁና፣ ሁሉም ስትላቸው ምላሳቸውን አውጥተው በጣታቸው መታ መታ ያደርጉታል።

መቼ እንደ ተለወጠ በትክክል አታውቀውም። አማቷ ጨው አነሰ አሉ፤ ጨመረች። አሁንም አነሰ አሉ፤ ጨመረች። አንድ ቀን ደግሞ ከሳህናቸው ግማሹን ወደ ጎን ከልለው ለልጄ አስቀምጪለት፣ ከሥራ ሲመጣ ይበላል አሏት። ልቧ ስንጥቅ አለ። ግን ዕድሜ ነው፣ ያዘነጋል ብላ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ምን ታድርግ? የእሳቸውን ምላስ ከተጠራጠረች ሌላ ምላስ የላትም።

የምሳ ዕቃው ማታ ሲመለስ ግማሽ ሆነ። ቀጥሎ እንዳለ ይመለስ ጀመር። ፀጉር ሠሪዎቹ ጾም ላይ ነን፣ ሆዳችን ታሟል፣ ከቤት ይዘን መጥተናል ይሉ ነበር። በመጨረሻ ልብስ ሰፊው ራሱ የምሳ ዕቃውን ይዞ ደረጃውን ወጣ። ትልቅ ሰው ነው፤ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደ ተንጠለጠለ በሩ ላይ ቆሞ መግባት አቃተው።

"እህቴ፣ ከሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው ብዬ ነው" አላት። "ጨዉ አያስበላም። ሰሞኑን ደግሞ አንዳንዱ ሆምጥጧል። እኛ ስንጥለው ነው የከረምነው።"

"ለምን አልነገሩኝም ጋሼ?"

"ደስ ብሎሽ ስትወርጂ እያየሁ እንዴት ልንገርሽ?"

አመሰገነችው። ቁጭ በሉ ብትለው ሥራ አለብኝ ብሎ ወረደ። ደረጃው ላይ የኮቴውን ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ሰማችው።

ከዚያ ወደ ምድጃው ተመልሳ ሁለት ሳህን አዘጋጀች። በአንዱ ጨውም ቅመምም ያልነካው፣ በውኃ የተቀቀለ ቶፉ አደረገች። በሌላው ጨው በእፍኝ በተነች። አማቷ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። የመጀመሪያውን አጎረሰቻቸው። አጣጣሙና ጨዉ ልክ ነው፣ እጅሽ ይባረክ አሉ። ሁለተኛውንም አጎረሰቻቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ዋጡትና ይሄም ልክ ነው አሏት።

ውኃ ሰጠቻቸው። እግራቸው ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። ዕውር ዕውርን ቢመራው ተያይዞ ገደል የሚባለው ተረት እስከዛሬ የሌላ ሰው ነገር ይመስላት ነበር።

"እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ" አለች። "ጣዕሙ ይታወቅዎታል?"

አሮጊቷ የውኃውን ብርጭቆ መሬት አስቀመጡ። ከዚያ እንደ ድሮው ጥርት ባለ ድምፅ ተናገሩ።

"አንዳንዴ ይታወቀኛል፣ አንዳንዴ ይጠፋኛል። አንቺ ግን ትጠይቂኛለሽ። ሌላ ማን ይጠይቀኛል? አላውቅም ብልሽ ወንበሩን የምታነሺብኝ መሰለኝ።"

እሷም ልትቆጣቸው ፈልጋ ነበር። ቁጣው ከየት እንደሚመጣ ጠፋት። ጉልበታቸው ላይ ራሷን አስደገፈች፤ እሳቸው ፀጉሯን ዳበስ ዳበስ እያደረጉ ትንሽ ቆዩና ልጄ አልመጣም ወይ ብለው ጠየቋት።

"አልመጣም" አለች።

የምሳው ሥራ በዚያው ቀረ። አፍንጫዋም አልተመለሰም። ዝንጅብልና ሎሚውን ማሽተት ትታ ቅርንፉዱን ብል ልብስ እንዳይበላ ቁምሳጥን ውስጥ ጣለችው። በሌላ ሰፈር አንድ ትልቅ ወጥ ቤት ሳህን አጣቢ ሆና ገባች። አብሳዩ ወጣት ነው፤ ሥጋውን ከማውጣቱ በፊት ማሽተት እንደሚረሳ ታያለች፣ ግን በየትኛው አፏ ትናገረው? ድስቱን ፈትጋ ደፍታ ትወጣለች። ቀን ቀን ጎረቤቷ አማቷን ታይላታለች።

ማታ ስትገባ ቶፉ ታንተከትካለች። ጨዉን አሁን በማንኪያ ለክታ ነው የምታደርገው። አማቷ እሷን የሚለዩበት ቀን እያነሰ ሄዷል። ሰሞኑን አንቺ ማነሽ አሏት፤ ምግብ አብሳይዋ ነኝ አለቻቸው። ምን ሠራሽ አሏት። ቶፉ አለች። እሱ ደግሞ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ፤ ከምን እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚጨመቅና እንደሚዘፈዘፍ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው። በጥሞና ሰሟት። ስትጨርስ ማንኪያውን ወደ አፋቸው አስጠጋች፤ አፋቸውን አልከፈቱም። ለመነቻቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ምግብ መጣል ነውር ነው ብላ፣ የቀዘቀዘውን ሳህን ይዛ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ራሷ በላችው። ትኩስ እንዳልሆነና ለስላሳ መሆኑን ብቻ አወቀች። ከዚያ ድስቱን ውኃ ሞልታበት ዘፈዘፈችው።