ለዘር ነጋዴዎቹ ማኅበር የጻፍኩት ደብዳቤ

የኛ መንደር ዱባ ያበቅላል እንጂ ዱባ አይበላም። ሠላሳ አንድ ቤት ነን። ኩባንያው የእናትና የአባት ዘር ይሰጠናል፤ እኛ እናዳቅላለን፤ ከዱባው ሆድ የሚወጣው ዘር ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል። ነገ የሚፈነዳውን ሴቴ አበባ ዛሬ የወረቀት ቆብ እናለብሰዋለን። ጎህ ሲቀድ ወንዴውን ቀጥፈን እናሽበትና ቆቡን መልሰን እንደፋለን። ሃያ ዓመት ሠርቼዋለሁ። ጣቶቼ ቢጫ ሆነው ቀርተዋል።

በመንደሩ ውስጥ ማንም የራሱን ዱባ አይተክልም። ደንብ ነው። ንብ ካቀላቀለችው ዘሩ ይበላሻል።

እኔ ተከልኩ።

አማቴ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጥርስ የላቸውም። ከእናታቸው ቤት ይዘውት የመጡት ግራጫ፣ ረጅም ዱባ ነበራቸው። ደንቡ ከወጣ ወዲህ ስድስት ዓመት ሳይዘራ ቆይቶ ዘጠኝ ፍሬ ብቻ ቀረ። ዘር ደግሞ ካልዘሩት ይሞታል። «ጉይላን፣ ሳልሞት አንዴ አብስለሽ አጉርሺኝ» አሉኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም። ከግቢዬ ግንብ ሥር ዘጠኙንም ቀበርኳቸው፤ ሁለቱ በቀሉ።

ተጠንቅቄ ነበር። ወንዴ አበባቸውን በየማለዳው ሳይፈነዳ እቀጥፋለሁ፤ አንዱን ብቻ ለሴቴዋ አስቀራለሁ። የቀረሁት አንድ ማለዳ ነው። የአሸዋ ነፋስ ተነሥቶ የማሳውን ቆብ ሁሉ ስላበረረው፣ መንደሩ በሙሉ ቆብ ሲያሳድድ አረፈደ። ቤቴ ስመለስ አሥራ አንድ ወንዴ አበባ ፈንድቷል። ንቦቹ እየገቡ ይወጣሉ።

ዝም አልኩ። በመከር አማቴ ዱባቸውን በሉ፤ እያለቀሱ በሉ። ዘሩን አጥቤ በማሰሮ አስቀመጥኩ።

በዓመቱ ባሕር ማዶ ያለው ዘር ገዥ «ከላካችሁልኝ ዘር ውስጥ ሌላ ዱባ በቀለብኝ» ብሎ ከሰሰ። ጉዳዩን የሚያየው ዓለም አቀፉ የዘር ነጋዴዎች ማኅበር ነው ተባለ። ለንግዱ ደንብ የሚያወጣ፣ ሻጭና ገዥ ሲጣሉም ሦስት ዳኛ የሚያስቀምጥ እሱ ነው። የኩባንያው ሰው መጥቶ፣ ጥፋቱ ከመንደራችን ከሆነ ዳግመኛ ዘር እንደማይሰጠን ነገረን። ከዘር ሌላ መተዳደሪያ የለንም።

የመንደሩ አለቃ ቹ ደሺ ቀይ ቀለም ይዞ ቤት ለቤት ዞረ። «ማንም ዱባ አልተከለም» በሚል ወረቀት ላይ አውራ ጣት ያሳትማል።

«እትዬ ጉይላን፣ ምነው አውራ ጣትሽን ሸሸግሽ? ዱባ ደብቀሽ ነው እንዴ?» አለኝ እየሳቀ።

«ብደብቅስ አንተን አላቀምስህም።»

ጎረቤቴ ፈንግሺያ ከጀርባው ሆና «እሷ? እሷ ሳቋን እንኳ ደብቃ የምትኖር ናት!» አለች።

ሁሉም ሳቁ። አተምኩ።

ማተሜ ግን መንደሩን የሚያድን አልመሰለኝም። በኛ አገር ታች ያለው ሹም የማይፈታውን ነገር ላይ ላለው ይጽፉለታል። አባቴ ስለ ውሃ ቦይ እስከ ላይ ጽፎ ተሰምቶለታል። እኔም የማኅበሩን አድራሻ ከኩባንያው የቀን መቁጠሪያ ላይ ገልብጬ ጻፍኩ። ዱባውን የተከልኩት እኔ ነኝ፤ ሌላው አያውቅም፤ እኔን ቅጡኝ፣ መንደሩን ተዉት። ጡረታ የወጡት መምህር ኮው እንዲተረጉሙልኝ ሰጠኋቸው።

«አትላኪው» አሉኝ።

«ዳኞች አይደሉም እንዴ? እውነቱን ካወቁ አንዷን ቀጥተው ሠላሳውን ይተዋሉ።»

«የነጋዴ ዳኞች ናቸው፣ ልጄ።»

«ነጋዴ እናት የለውም?»

ራሳቸውን ነቅንቀው ተረጎሙት። ላክሁት።

መልሱ በአርባ ቀኑ መጣ። ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ ትሕትናውም ብዙ ነው። መምህር ኮው አነበቡልኝ፦ ማኅበሩ የሚዳኘው ሻጭና ገዥን ነው፤ ዘር አብቃይ ገበሬ ተከራካሪ ስላልሆነ ቃሉን አይሰማም። «ይሁን እንጂ ደብዳቤዎን በደንባችን መሠረት ለሁለቱም ወገን ልከናል።»

«ምን ማለት ነው?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ።

ቹ ደሺ በሦስተኛው ቀን መጣ። አልተቀመጠም።

«ልናሸንፍ ነበር» አለኝ። «ገዥው የዘሩን ጆንያ ደንብ ጥሶ ያለ ምስክር ከፍቶት ነበር፤ ክሱ ሊወድቅበት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ያንቺ ደብዳቤ ደረሰ። ዱባው ምን ዓይነት እንደሆነ እንኳ የመረመረ የለም፤ አምናለች ተባለ፣ አለቀ። ኩባንያው መንደሩን ሰርዞታል።»

«እኔን ይቅጡኝ ብዬ እኮ ነው ደሺ።»

«አንቺን ማን ያውቅሻል? የሚያውቁት ጆንያው ላይ ያለውን የመንደሩን ቁጥር ነው።»

ዘንድሮ ማሳው ሁሉ የከብት በቆሎ ነው። ወንዶቹና ወጣት ሴቶቹ ለቀን ሥራ ወደ ከተማ ሄዱ፤ ፈንግሺያም በሯን ዘግታ ሄደች፤ አልተሰናበተችኝም። አሁን ዱባ መትከል የሚከለክል የለም። ከማሰሮዬ ዘር እየቆነጠርኩ በየቤቱ ላድል ዞርኩ፤ የተቀበለኝ አላገኘሁም። ለብቻዬ ዘራሁት።

ሲደርስ ክብ ሆነ፣ ቀይ ዳማ። ኩባንያው የሚሰጠን የአባቱ ዘር ዱባ መልክ ነው። ያን የነፋስ ቀን ንቦቹ የማሳውን አበባ ዱቄት ይዘው ወደ ጓሮዬ መጥተው ነበር፤ የመጡ ደግሞ የኔን ይዘው ይመለሳሉ።

ቀቅዬ አማቴን አጎረስኳቸው። በድዳቸው ፈጭተው ፈጭተው ወደ መዳፋቸው ተፉት።

«ጉይላን፣ ይሄ የማን ቤት ዱባ ነው?» አሉኝ።