የእቴቴ ኮቴ

ሰውየውን ሁሉም «ጆሮ» ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፣ ግን ስቱዲዮ ውስጥ በዛ ስም ብትጠሩት ዞር አይልም። ሥራው የፊልምና የቴሌቪዥን ድራማ ድምፅ ነው። ተዋናዩ በሩን ድርግም ሲያደርገው፣ ብርጭቆ ሲሰበር፣ ሰው ደረጃ ሲወጣ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ የምትሰሙት ብዙው ነገር እዛው ሲቀረጽ የነበረ እንዳይመስላችሁ። በኋላ እንደ ጆሮ ያለ ሰው አንድ የታፈነ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚከተው ነው።

ታዲያ ጆሮ አንድ አመል አለበት፣ ድምፅ መልቀም። ሊፍት ሲያቃስት ይቀዳል፣ የጎረቤት ውሻ ሲያዛጋ ይቀዳል፣ ሰርግ ተጠርቶ ሙሽሮቹን ትቶ የወንበር ሲጥ ሲጥ ቀድቶ የተመለሰ ጉደኛ ነው። ሚስቱ «አንተ እኮ እኔ ብሞት የሳጥኑን ክዳን ድምፅ ነው የምትቀዳው» ትለዋለች። ይስቃል። ለሱ ድምፅ ድምፅ ነው፤ አንዴ ከተቀዳ ባለቤት የለውም። ጉዱም የመጣው ከዚሁ ነው።

አንድ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ እየሠሩ ነበር። ድራማው ውስጥ ነገረኛ አከራይ አለች፣ በየተከራዩ በር ላይ ተለጥፋ ወሬ የምታዳምጥ። ተከራዮቹ ኮቴዋን ሲሰሙ ጉርሻቸውን እንኳ ሳይውጡ ድርቅ ይላሉ። ቀልዱ እሱ ነው። ለዚህ ደግሞ ኮቴ ያስፈልጋል። ኮቴ የሚሠራው ሻንጣው የሚሉት ሰውዬ ነው፤ አሮጌ ጫማ የሞላ ሻንጣ እየጎተተ ይመጣና ምስሉን እያየ የሽማግሌውንም የኮረዳውንም አረማመድ በገዛ እግሩ የሚረግጥ። የዛን ሰሞን ሻንጣው ወገቡን ይዞት አልጋ ላይ ዋለ። ዳይሬክተሩ ደግሞ «ነገ ካላስረከብን ጣቢያው ቆዳችንን ይገፈናል» እያለ የጆሮ አናት ላይ ቆሟል።

ጆሮ ኮምፒውተሩን ሲበረብር አንድ ፋይል አገኘ። ሸርርር… ጠብ… ቋ። ሸርርር… ጠብ… ቋ። ሸበጥ ሲጎተት፣ እግር ሲያርፍ፣ ከዘራ ወለሉን ሲመታ። ምስሉ ላይ ቢያስቀምጠው ልክክ አለ፣ ለሷ የተሰፋ ነው የሚመስለው። ዳይሬክተሩ በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ።

«ይቺን ጉድ ከየት አመጣሃት?»

«ከመጋዘኔ» አለ ጆሮ።

የአክስቱ እግር ነበር።

እቴቴ ነው የሚላት። የእናቱ ታላቅ እህት ናት። እናቱ ከሞተች ጀምሮ እሷ አሳደገችው፣ አሁን ደግሞ እሱ ቤት ትኖራለች። ግራ ጎኗን ስትሮክ ከመታት ወዲህ አንድ እግሯ እሺ አይላትም፣ ትጎትተዋለች። ጆሮ አንድ ጊዜ ጉንፋን ጥሎት ቤት ሆኖ ሲሠራ፣ የክፍሉ በር ሲጥ የሚለውን ለመቅዳት ማይክ አቁሞ ሳለ እሷ በኮሪደሩ ሾርባ ይዛ መጣች። ማይኩ ቀዳት። በኋላ ገልብጦት፣ ከግልባጩ ላይ የተናገረችውን ቆርጦ ጣለና ኮቴዋን አስቀረ። ክፋት አስቦ አይደለም። ድራማው ላይ ሲያስገባውም ስለ እቴቴ ትዝ ያለው ነገር የለም። ግን ትዝ ካላለው እኮ የባሰ ነው።

ድራማው በቴሌቪዥን የወጣ ዕለት ቤቱ ሞላ። ሚስቱ አለች፣ ትንሿ ልጁ አለች፣ የሚስቱ ወንድም አለ፣ ቀልድ ካላወራ ምግብ የማይፈጭለት ዓይነት። እቴቴ መስኮቱ ስር ወንበሯ ላይ ተደላድላለች።

«የኔ ልጅ የሠራው የቱ ነው?»

«የሚሰማው ሁሉ ነው እቴቴ» አለቻት ሚስቱ።

«እንዴ፣ ታዲያ ሌሎቹ ምን ይሠራሉ?»

አከራይዋ መጣች። ሸርርር… ጠብ… ቋ። ተከራዮቹ ድርቅ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እቴቴም ሳቀች፣ በነጠላዋ ጫፍ ዕንባዋን እስክትጠርግ። «ይቺ እንኳን ደግ አይደለችም» አለች። ከዛ መነጽሬን ላምጣ፣ ፊቷን በደንብ ልያት ብላ ከዘራዋን ያዘችና ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

ሸርርር… ጠብ… ቋ።

«ዝም በሉ፣ አከራይዋ መጣች!» አለ የሚስቱ ወንድም፣ እጁን አፉ ላይ ጭኖ፣ ልክ እንደ ተከራዮቹ። ሁሉም ሳቀ። ሳቁ ግን መሃል ላይ እንደ ተነቀለ ሬዲዮ ቀጥ አለ። እርስ በርስ ተያዩ። ኮሪደሩ ውስጥ ሸርርር ያለው እግር ሳያርፍ ቀረ። ጠብ የለም፣ ቋ የለም። እዛው ቆማለች ማለት ነው። ቴሌቪዥኑ ምን ገዶት፣ ሸርርር… ጠብ… ቋ ይላል።

«አባዬ፣ የእቴቴን እግር ነው እንዴ ያስገባኸው?» አለች ልጁ፣ ጮክ ብላ።

«አይ… ይመሳሰላል ብቻ ነው» አለ ጆሮ። እቴቴ መነጽሯን ይዛ አልተመለሰችም።

በማግስቱ ጠዋት ጆሮ ሲነሳ አንድ ነገር ጎደለው። ምን እንደሆነ ሳያውቅ ፊቱን ታጠበ። ሻይ ሊቀዳ ሲዞር እቴቴ ከኋላው ቆማለች። ክው አለ። መምጣቷን አልሰማማ! ቁልቁል ሲያይ ሸበጥ የለም፣ በካልሲ ነች። የከዘራዋ ጫፍ ላይ ደግሞ ጨርቅ ጠምጥማ በክር አስራበታለች።

«ሸበጥሽስ እቴቴ?»

«ጠበበኝ» አለች፣ ስኳሩን እያየች።

ሚስቱ በር ላይ ያዘችው። «ወለሉ እንደ መስታወት ያዳልጣል፣ በካልሲ ይወድቃሉ። ዳሌያቸው ቢሰበር ማን ሊጠግነው ነው? ሄደህ እውነቱን ንገራቸው።»

«እሺ» አለና ሥራ ሄደ። ሥራ ሄደ አይባልም፣ ሸሸ።

በዛ ሳምንት ቤቱ ፀጥ አለ። ለሌላ ሰው ፀጥታ ዕረፍት ነው፤ ለጆሮ ግን ያቺ ኮሪደር ላይ ያለች ዝምታ ጥርስ እንደ መታመም ሆነችበት። ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፣ አሁን መሃል ደርሳለች፣ አሁን ግድግዳውን ይዛለች፣ አሁን ተንሸራተተች ይላል። በመጨረሻ ዳይሬክተሩ ጋ ገባ።

«ያ የኮቴ ፋይል ተበላሽቷል። በሌላ እንቀይረው።»

«ካለፈው ክፍል ላይ ቅዳው ታዲያ። አንተን ነው እንዴ እኔ የማስተምርህ?»

«አልተበላሸም። አክስቴ ናት። ያሳደገችኝ። እግሯን ታማ ነው እንደዛ የምትሄደው፣ ደግሞ ሰማችው።»

ዳይሬክተሩ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ሲያንከባልል ቆየ። «ወንድሜ፣ እኔ ስልኬ ላይ መጥሪያ አድርጌዋለሁ እኮ» አለ ቀስ ብሎ። ስልኩን አወጣና እንደ ማፈር ብሎ ነካካው። «በል ሻንጣውን ጥራው። ከሚቀጥለው ክፍል ጀምሮ ይውጣ። የወጣውን ግን መመለስ አልችልም።»

ሻንጣው ወገቡን በቀበቶ ጠፍሮ መጣ። ከሚጎትተው ሻንጣ አንድ ተረከዘ ሹል ጫማ መዞ ቀጭ ቀጭ አለበት። «እንካ፣ የኔን እግር ስቀውበት ይሙቱ። እኔን የሚያሳዝነኝ ወገቤ ነው» አለ። ጆሮ ኮቴውን ቀየረ። ወደ ቤቱ ሲሄድ ቀለል አለው፤ የምሥራች የያዘ ሰው መስሎት ነበር።

እቴቴ የሱ የሥራ ክፍል ውስጥ፣ ፀሐይ የምትገባበት ጥግ ተቀምጣ አገኛት።

«እቴቴ፣ አወጣሁት።»

«ምኑን?»

«ኮቴሽን። ከድራማው።»

የቀሚሷን እጥፋት በጣቷ ስታስተካክል ቆየች። «ኮቴዬ እንደዛ የሚሰማ አይመስለኝም ነበር» አለች። «ቀስ ብዬ የምሄድ ነበር የሚመስለኝ። ይሄን ሁሉ ጊዜ።»

«እቴቴ…»

«አንተንም ያስቅህ ነበር?»

«በፍጹም። አላሰብኩትም። እውነቴን ነው፣ አንቺ መሆንሽን አላሰብኩም።»

ይሄን ሲል ከስድብ እንደሚብስ ለራሱም ተሰማው። እሷ ግን መነጽሯን አደረገችና ወደ ኮምፒውተሩ በአገጯ ጠቆመች። «እስቲ አሰማኝ።»

ከፈተው። የፋይሉ ስም ስክሪኑ ላይ በትልቁ ወጣ። እቴቴ ጠጋ ብላ አነበበች።

«‹አሮጊት ጎታታ›» አለች። «ማናት እሷ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በደስታ ነበር የሚገባላት። የተቆረጠውን ትቶ ዋናውን፣ ያልተነካውን ፋይል ፈልጎ ከፈተላት። ቢያንስ ሙሉውን ትስማ ብሎ ነው መሰለኝ። ምን እንዳለበት ግን እሱም ረስቶታል።

ሸርርር… ጠብ… ቋ። ከሩቅ። እየቀረበ። በሩ ሲጥ አለ። ከዛ የእቴቴ ድምፅ፣ በሹክሹክታ፦

«ልጄ፣ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ። እየቀዳህ እንደሆነ አውቄ ቀስ ብዬ ነው የመጣሁት። ድምፅ አላሰማሁም አይደል?»

የሱ ድምፅ ደግሞ፣ በጉንፋን የታፈነ፦

«አላሰማሽም እቴቴ።»

ፋይሉ አለቀ።

ጆሮ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ጉልበቷን ብቻ ነው የሚያየው።

«ይሄን ለምን ቆረጥከው?» አለች። ቁጣ የለባትም። ልክ ልጅ ሆኖ የዳቦውን ልብ ትቶ ቅርፊቱን ብቻ ሲበላ ትጠይቀው እንደነበረው ነው።

«አላስፈለገኝማ» ብሎ መመለስ ነበረበት፣ እውነቱ እሱ ነዋ። ግን ተነስቶ ከአልጋዋ ስር ሸበጦቿን አመጣ። ተንበርክኮ ቀኙን አጠለቀላት፣ ግራውን አጠለቀላት። ከከዘራዋ ላይ ክሩን ፈታ፣ ጨርቁን ኪሱ ከተተ። እሷም አልከለከለችውም። አንድ ጊዜ ብቻ እጇን ራሱ ላይ ጣል አደረገችና፣ ለመደገፍ ይሁን ለሌላ እንጃ፣ ተነሳች።

«ሻይ ልጣድ» አለች።

ወጣች። ጆሮ እዛው ወለሉ ላይ እንደተንበረከከ አዳመጠ።

ጠብ… ቋ።

ረጅም ዝምታ። ትንፋሿ ብቻ ይሰማል።

ጠብ… ቋ።

ሸርርር የለም። እግሯን እያነሳችው ነው። ያንን እሺ የማይል እግር፣ በየእርምጃው ግድግዳውን ይዛ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ከወለሉ እያላቀቀች ታስቀምጠዋለች፤ እሱ እንዳይሰማ።

ጎትቺው እቴቴ፣ ግድ የለም ጎትቺው ሊላት አፉን ከፈተ። ድምፁ አልወጣም። ኮሪደሩ ደግሞ ረጅም ነው፤ ገና ግማሽ አልደረሰችም።