ጭማሪ የማትጠይቅ ማሽን

ሚሉዳ የሰርዲኑን ሆድ በመቀስ እየቀደደች ሳለ ሐጂ ቡሽታ አጨብጭቦ ሥራ አስቆመ። በሞሮኮዋ ወደብ በሳፊ ያለው የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ጌታ ሪባን ከታሰረላት ማሽን ጎን እንደ ሚዜ ተገትሯል።

"እህቶቼ፣ ልቤ ደምቷል" አለ። ከምሳ የተመለሰ ከንፈሩ ገና በዘይት ያብረቀርቃል። "መንግሥት ዝቅተኛውን ደመወዝ ከፍ አደረገው። እኔ ከየት ላምጣ? ይህቺ ማሽን ጭማሪ አትጠይቅም፤ አታረግዝም፤ አታመካኝም።"

"አትሰርቅምም በል እንጂ" አለች የሚሉዳ ባል እህት ታሙ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ባለቤቷን አልመሰለችማ!"

ሴቶቹ በአፍንጫቸው ሳቁ። የሕጉ ደመወዝ ከፍም ይበል ዝቅ፣ በዚያ አዳራሽ በር ገብቶ አያውቅም። የሚከፈላቸው በሞሉት ሣጥን ቁጥር ነው፤ ጀልባ ያልመጣ ቀን ባዶ እጃቸውን ይገባሉ።

ሐጂው ሚሉዳን ወደ ጥግ ጠራት።

"ልጄ፣ ማሽኗን ዓሣ የምታጎርስ አንዲት ሴት እፈልጋለሁ። በሕጉ ደመወዝ! አንቺ ብቻ ለነዚህ ንገሪልኝ። ያስወጣችሁ ሕጉ ነው፣ ሐጂ አይደለም በያቸው። ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄደው እንዳይንጫጩብኝ። አንቺን ይሰማሉ።"

ሚሉዳ ቤት ኩላሊቱ የደከመ ባል ተኝቷል፤ መድኃኒቱ የሚገዛው በእሷ መቀስ ነው። ሐጂውም የመረጣት ይህን ስለሚያውቅ ነው። የሰውየው ደግነት እንደ ዝንብ ሁልጊዜ የሚያርፈው ቁስል ላይ ነው።

ሣጥን ላይ ወጣች።

"ያባረራችሁ የሕጉ ደመወዝ ነው ይላሉ ሐጂ። እስቲ ያንን ደመወዝ አንድ ቀን እንኳ የቀመሰች እጇን ታንሳ።"

አንድም እጅ አልተነሳም።

"አያችሁ? ማሽኗ የተገዛችው በዚያ ባልደረሰን ደመወዝ ነው።"

"ውረጂ!" ጮኸ ሐጂው። "ባልሽን ምን ልታበዪው ነው?"

የተንጠለጠለውን ሚዛን ጨብጣ ቆመች።

"እስከዛሬ እርስዎ ነበሩ እንዴ የሚያበሉት?" አለችና ወርዳ ወደ በሩ አመራች።

ሴቶቹ ተከተሏት። ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሲደርሱ ታሙ እጅጌዋን ሰብስባ ውሃውን ለቀቀችው።

"ቆይ እንታጠብ እንጂ! እንዲህ ገምተን ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ይገባል? ጸሐፊዋ አፍንጫዋን ትይዝብናለች።"

ሚሉዳ ቧንቧውን ዘጋችው።

"ትያዛ! ዛሬ አንታጠብም።"